ክኒኑ ለማን ይሠራል?

(ወጥ ቤት። ሰዓት ጠጋኙ ባል እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያጥባል። ሚስት በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፋይብሮማያልጂያ የሚባል፣ መላ ሰውነትን የሚጠዘጥዝ ሕመም ይዟት ክኒን ከጀመረች ሰንብታለች። ነገ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አላቸው።)

ባል፦ አይሠራም አልኩሽ፣ አይሠራም!

ሚስት፦ ሐኪሙ እኮ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ሞክረን እንየው ነው ያለው።

ባል፦ ለሱ ነዋ የማይታወቀው! እኔ ሰዓት ሳልከፍት፣ ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ብቻ ይሄ ይድናል፣ ይሄ አይድንም እላለሁ።

ሚስት፦ እኔንም ጆሮህ ላይ አስጠግተኸኝ ነው?

ባል፦ ምልክት አለው፣ የኔ እመቤት! ያቺን ባለ ሰማያዊ ሹራብ ክሊኒኩ ውስጥ ሳያት ትድናለች አላልኩሽም?

ሚስት፦ እሷ እኮ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። ምንም አላመማት።

ባል፦ ይኸው! ድና የለ!

ሚስት፦ እሺ፣ የኔስ ምልክት ምንድን ነው?

ባል፦ ክኒኑ የሚስማማው ሰው ለጥ ብሎ ይተኛል።

ሚስት፦ እኔም ሰሞኑን ለጥ ብዬ ነው የማድረው።

ባል፦ እሱ ድካም ነው።

ሚስት፦ ትናንትም ልብስ ሳጣጥፍ ዘፈን ዘፈን ብሎኝ ነበር።

ባል፦ ሰው ሲብስበትም ያንጎራጉራል።

ሚስት፦ ታዲያ ምን ባደርግ ነው ተሻላት የምትለው?

ባል፦ ማቃሰት ስታቆሚ! ገና እራት ተበልቶ ሳህን ሲነሳ «ወይኔ ትከሻዬን!» ትያለሽ። ይኸው እጄ በሳሙና ተልጦ አለቀ።

ሚስት፦ አይ፣ አንተስ ጎበዝ ነህ። የዚያች ድስት ቂጧ ግን አልጠራም።

ባል፦ (እየፈተገ) ነገ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። ለሷ ይቁም፣ ለሚሠራለት ሰው ስጥ እለዋለሁ።

ሚስት፦ (ብድግ ብላ) ኧረ በሞቴ! እንዳትል!

ባል፦ ምነው?

ሚስት፦ ያን ሕመም መልሰህ ልታመጣብኝ ነው? ማበጠሪያ ማንሳት አቅቶኝ አንተ ስታበጥረኝ የነበረውን ረሳኸው?

ባል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እንዴት እረሳለሁ? ግን አልተሻለሽማ!

ሚስት፦ ተሽሎኛል! ከተሻለኝ ቆየ!

ባል፦ (ድስቱ ከእጁ ያመልጣል) የሚያቃስተው ማነው ታዲያ?

ሚስት፦ እኔው ነኝ። ሕመሙ ሲሄድ ማቃሰቱን ግን... እኔው ጋ አስቀረሁት።

ባል፦ እና ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ...

ሚስት፦ ምን ላድርግ? ክኒኑ ለኔ ይሥራ አይሥራ አስቀድሞ ሐኪሙም አላወቀ፣ እኔም አላወቅኩ። «ወይኔ ትከሻዬን» አንተ ላይ እንደሚሠራ ግን ገና ከመጀመሪያው ሳህን ነው ያወቅኩት።