ጋሽ ሳህን

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። እንዴት አደሩ ሲሉት የአዳሩን መንስኤና ውጤት ያስረዳል። ለእኛ ለቦንጋዎች የደረሰን ከሁሉ የከበደው ነው፤ ሊቀ ከርሠ ምድር፣ የአለት ባለሟል፣ የጂኦግራፊ መምህሩ ጋሽ ወልደሥላሴ።

"ሳህን" የሚለውን ስም ያወጣላቸው ባለሱቁ ሚፍታህ ነው። አንድ ቀን ሳሙና ሊገዙ ገብተው፣ "የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ እንዳይመስልህ፤ እንደ ሳህን ተቆራርጦ፣ ከሥሩ ባለው በጋለ አለት ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰባት ትልልቅ አለ፣ ብዙ ትንንሽም አለ" ይሉታል። ሚፍታህ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ "ጋሼ፣ ይኼማ ለሰርግ ስጦታ የሚሆን ሙሉ ዕቃ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ዞር ሲሉ ጋሽ ሳህን ናቸው። ስሙን ሰምተውታል። ቅር ያላቸው በሌላ ነው፤ "ዋናው ነገር ያለው ጠርዙ ላይ ነው። የሚላቀቁት፣ የሚጋጩት፣ የሚተሻሹት እዚያ ነው" ይላሉ።

ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲገባለት ተገላገልን ብለን ነበር። ግን መብራት ሲሄድ የፕላዝማው መምህር አብሮ ይሄዳል፤ ጋሽ ወልደሥላሴን የሚያጠፋ ነገር አልተገኘም።

በቀበሌ ግምገማ ላይ "ከአጀንዳ ይወጣሉ" ተብለው ተተቹ። "ሂሱን ውጫለሁ" አሉ በትሕትና፤ "ሆኖም ይህ የተሰበሰብንበት መሬት ራሱ፣ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየሄደ መሆኑ ይያዝልኝ።" ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ትርንጎ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ "በሩብ ዓመቱ ዕቅዳችን ውስጥ የለም" አሉ።

ብልጡ ግዛቸው ደግሞ አጥሩን ወደ ጎረቤቱ ገፋ አደረገና፣ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ "መሬት ትሄዳለች ያሉት ጋሼ አይደሉም?" ብሎ ተከራከረ። ጋሽ ወልደሥላሴ ከሽማግሌዎቹ መካከል ነበሩ። "ልክ ነህ፣ ትሄዳለች" አሉት። "ስትሄድ ግን ከነጎረቤትህ ነው።" ግዛቸው አጥሩን መለሰ።

በአንድ ክረምት፣ ከምሳ በኋላ፣ መሬቷ ተንቀጠቀጠች። ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ብርጭቆ ወደቀ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ። የተጎዳ አልነበረም። ግን "በአሥራ አንድ ሰዓት ይደገማል፣ ከፊተኛውም ይብሳል" የሚል ወሬ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሰፈሩን ሞላው። ዝናቡ ይወርዳል። የጎረቤቴ የአዲሱ ሚስት ማርቲ አራስ ናት፤ ከወለደች ገና ሦስት ቀኗ ነው። ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ዛፍ ሥር ቆማለች። የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሯል፤ እሷ ግን ግቢ ብትባል አሻፈረኝ አለች።

አዲሱ ወደ ጋሽ ወልደሥላሴ ሄደ። "ጋሼ፣ መቼም እርስዎ ያውቃሉ። ይደገማል?"

ሁላችንም ዞርን። ዝናቡ ከባርኔጣቸው ይንጠባጠባል።

"አላውቅም" አሉ። "ሊደገም ይችላል፣ ላይደገምም ይችላል። ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ግን የለም፤ አውቃለሁ ያላችሁ ዋሽቷችኋል።" ከዚያ ወደ ማርቲ ዞሩ። "ልጄ፣ ቤትሽ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ቤት ቶሎ አይናድም። ሕፃኑን ግን ይህ ብርድ አይምረውም።"

ይህን ብለው ቀድመዋት ገቡና ከምሰሶው ሥር ተቀመጡ። ማርቲ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ተከተለቻቸው። አዲሱና እኔም ገባን።

እሳት አነደድን። ሕፃኑ ሙቀት ሲያገኝ ቀስ በቀስ ጡት ያዘ። ያኔ ነው የጋሽ ወልደሥላሴን እጅ ያየሁት፤ ምሰሶውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ አይለቅም። ያን ሁሉ ዓመት ያሾፍኩባቸውን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝም ያኔ ነው።

"ጋሼ፣ ፈርተዋል እንዴ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"በጣም" አሉ። "አንተ በሩን ገርበብ አድርገው፤ ልጁን ይበርደዋል።"