ልብስ ይሰጣበት የነበረው ዛፍ

(በጫካ ዳር ያለች አነስተኛ የእንጨት መሰንጠቂያ። ክዳኗ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳ ያላት በአንድ ወገን ብቻ። የሚሠሩባት ሁለት አማቾች ናቸው፤ ሰው ሁሉ በቅጽል ስማቸው ነው የሚያውቃቸው። አንዱ አዝግም፣ የእሱን እህት ያገባው ደግሞ ሊቁ ይባላል። በመካከላቸው አንድ ወፍራም ግንድ ተጋድሟል። ማለዳ የጀመሩት ክርክር እስካሁን አላለቀም። አዝግም በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ደግሞ ያንኳኳል።)

ሊቁ፦ ምነው አማቼ፣ ግቡ እስኪሉህ ነው የምትጠብቀው?

አዝግም፦ መንጠቆ እየፈለግሁ ነው።

ሊቁ፦ ግንድ ውስጥ?

አዝግም፦ እናቴ ልብስ ታሰጣበት የነበረው ዛፍ እኮ ነው።

ሊቁ፦ እና፣ ያልደረቀ ሸሚዝ ቀርቶብህ ነው?

አዝግም፦ አባቴ የብረት መንጠቆ መትቶላት ሽቦውን እዚያ ላይ ታስር ነበር። ዛፉ እያደር ዋጠው። የት ወገን እንደሆነ ካወቅሁ በመሮ አወጣዋለሁ።

ሊቁ፦ ዛፍ የሚበላው ውሃና ፀሐይ ነው። ብረት በላ የሚል መጽሐፍ አላየሁም።

አዝግም፦ እኔም መጽሐፍ አላየሁም። ሲበላ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ዙሪያውን ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ እኔ ሚስት ሳገባ ጫፉ ብቻ ቀርቶ ነበር። ይኸው፣ ቅርፊቱ የተላጠበት ጠቁሯል። እንጨት እንዲህ የሚጠቁረው ብረት ሲነካው ነው።

ሊቁ፦ እሱ እርጅና ነው። ሰው ሲያረጅ ይሸብታል፣ እንጨት ሲያረጅ ይጠቁራል። ተፈጥሮ ታመዛዝናለች።

(ሊቁ ከኪሱ ስለ ደን የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ያወጣል። ስለ ሥር፣ ስለ ቅጠልና ስለ ነፋስ ብዙ ያስረዳል። አዝግም ሁሉንም ከሰማ በኋላ ማንኳኳቱን ይቀጥላል።)

ሊቁ፦ ተው እንጂ፣ በሒሳብ ልጨርስልህ። መንጠቆው ሲመታ ስንት ዓመትህ ነበር?

አዝግም፦ ስድስት።

ሊቁ፦ አሁንስ?

አዝግም፦ አርባ ስድስት።

ሊቁ፦ (በጠመኔ ግንዱ ላይ እየጻፈ) አርባ ዓመት። ዛፍ በዓመት ግማሽ ሜትር ያድጋል። ሃያ ሜትር! መንጠቆህ ከዛፉ ጋር ሽቅብ ወጥቷል። ጫፉን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ቆርጠን ለማገዶ ሰጥተናል። አለቀ።

አዝግም፦ እናቴ ግን ልብስ ለማስጣት መሰላል አልገዛችም።

ሊቁ፦ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ነው ያላስተዋላችሁት። ልጅ ሳለህ የት ጋ ነበር?

አዝግም፦ ከራሴ በላይ። ተንጠራርቼም አልደርስበትም።

ሊቁ፦ በኋላስ?

አዝግም፦ ደረቴ ጋ።

ሊቁ፦ ጭራሽ ወረደ ልትለኝ ነው! ቁልቁል የሚያድግ ዛፍ!

አዝግም፦ አልወረደም። እኔ ነኝ ያደግሁት።

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ መቼ አደግህ? በል መጋዝ ግጠም። ክሊኒኩ ያዘዘን በር ዛሬ መድረስ አለበት።

(ግድግዳው ላይ ሁለት ክብ መጋዞች ተሰቅለዋል። አንዱ የአዝግም ነው፤ በሞረድ ብዛት ጥርሱ አልቋል። ሌላው በጨርቅ የተጠቀለለው የሊቁ አዲስ መጋዝ ነው፤ ብስክሌቱን ሸጦ ከገዛው ወዲህ በእግሩ እየመጣ፣ አንድ እንጨት እንኳ አላስነካውም።)

አዝግም፦ የኔን ልግጠም ያንተን?

ሊቁ፦ ምን ልዩነት አለው? እዚህ ውስጥ ያለው እንጨት ብቻ ነው ብዬሃለሁ።

አዝግም፦ ማንኛውንም?

ሊቁ፦ ማንኛውንም። በሒሳብ ያለቀ ነገር ነው።

(አዝግም ጎንበስ ብሎ ይገጥማል። ሊቁ ዞሮም አያይም፤ ከሃያው ሥር በጠመኔ ሁለት መስመር ያሰምራል። ሞተሩ ይነሳል። ሰጋቱራው መበተን እንደጀመረ የመጋዙ ድምፅ በድንገት ይለወጣል፤ የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል፣ የተሰበረ ጥርስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይመታል። አዝግም ሞተሩን ያጠፋል። ስንጥቁን በሽብልቅ ሲከፍቱት አንድ የዛገ መንጠቆ ተኝቶበታል፤ ከግንዱ እግር ቢለካ የሰው ደረት ያህል ነው።)

ሊቁ፦ (መንጠቆውን በጣቱ እየነካ) ሃያ ሜትር መውጣት ነበረበት።

አዝግም፦ መጽሐፉን አላነበበ ይሆናል።

ሊቁ፦ ለማንኛውም አይዞህ አማቼ። መጋዝህ እንደሆነ ዕድሜውን የጨረሰ ነበር። ሰው እስካልተጎዳ ድረስ ብረት ምን ቁም ነገር አለው? እኔ ብሆን አንዲት ቀን አላዝንም።

አዝግም፦ አታዝንም?

ሊቁ፦ የተማረ ሰው ለዕቃ አያዝንም።

አዝግም፦ እፎይ። እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ጨንቆኝ ነበር።

(በአገጩ ወደ ግድግዳው ያመለክታል። አሮጌው መጋዝ በቦታው ተሰቅሏል። ከጎኑ ያለችው ጨርቅ በሥርዓት ተጣጥፋለች፤ ውስጧ ምንም የለም።)

ሊቁ፦ ብስክሌቴ...

አዝግም፦ መንጠቆ አለ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የለም ያልከው አንተ። በኔ ቃል ከሄድን የገባው መጋዝ ሁሉ ይሰበራል። ባንተ ሒሳብ ከሄድን አዲሱ ምንም አይነካውም። የተማረው አንተ ነህ፣ ባንተ ሄድኩ።

(ሊቁ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ይላል። አዝግም አሮጌውን መጋዝ አውርዶ ጥርሱን በሞረድ መሳል ይጀምራል።)

አዝግም፦ ተነስ በል፣ በሩ ዛሬ መድረስ አለበት። የቀረውን በኔ እንሰነጥቀዋለን። ብቻ ሽቦው ሲረግብባት አባቴ ሁለተኛ መንጠቆ መትቶላት ነበር።

ሊቁ፦ የት ጋ?

አዝግም፦ ረሳሁት። እስቲ መጽሐፉን እየው።

(ሊቁ መጽሐፉን አያወጣም። መጥረቢያውን አንስቶ ግንዱ አጠገብ ይንበረከካል፤ በጀርባው ቀስ አድርጎ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ደግሞ ያንኳኳል።)

አዝግም፦ እህሳ አማቼ፣ ግቡ አሉህ?