ኡስታዝ እና የለታይ የስፌት መኪና

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ «አሳታሚ ነኝ» እላለሁ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚመልስ አበሻ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው ወዲያው ዙሪያዬን መቃኘት ይጀምራል። ማተሚያው የት አለ? ወረቀቱስ? ቀለሙስ? እኔም እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ስልኬን አወጣና «ይኸውልህ» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ያዝንልኛል። አንድ የሎሪ ሾፌርማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ደህና ሥራ ሲገኝ እንደሚነግረኝ ቃል ገብቶልኛል።

ይሳቁ። እኛ ድረ ገጽ አለን፤ ስሙ «ሰሊጥ» ይባላል። የሰው ታሪክ እናወጣለን፤ ማንበብ ለሚወድ በጽሑፍ፣ ማንበብ ለማይችል በድምፅ። ስደተኛው ያየውን፣ የቀን ሠራተኛው የገጠመውን፣ ድንበሩን ተሻግሮ የመጣው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይዞት የመጣውን። ምግብ ቤቶችና ስልክ ጠጋኞች ማስታወቂያ ያወጡብናል፤ በዚያ እንኖራለን።

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህ አገር ከሰሊጥ የተሻለ ስም አለ እንዴ? ዘሩ፣ ዝናቡ፣ አጨዳው፣ ገበያው፣ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ሰሊጥ ነው። ብቻ ነጋዴዎችም ይደውሉልን ጀመር። አንድ ሐጂ የምንሸጠው ነጩን ነው ወይስ ቀዩን ብለው ጠየቁኝ። የእኛ ሰሊጥ የሚነበብ ነው አልኳቸው። እሳቸውም፣ እንዲህ ያለውን ዓይነት አላውቀውም፣ እስቲ ናሙና ይዘህልኝ ና አሉኝ።

ሥራውን የምሠራው ከሐዳስ ጋር ነው። እኔ መተማ ላይ የአማርኛ መምህር ነበርኩ፤ የቋንቋው ነገር የእኔ ነው። ሐዳስ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የኮምፒዩተሩ ነገር የእሷ ነው። በትግርኛ ትቆጣለች፣ በዓረብኛ ትከራከራለች፣ በአማርኛ ታስታርቃለች። ሲብስባት ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ እኔ ዝም ብዬ «ታማም» ነው የምላት። «እሺ፣ ደህና» ማለት ነው፤ ብዙ ጠብ አስቀርቶልኛል።

ችግራችን ምን መሰላችሁ? ታሪክ የሚልክልን ሰው አይጽፍም። ይናገራል። ስልኩን አፉ ላይ ይደቅንና ያወርደዋል። አንዱ ከእርሻ ላይ ነፋሱ እየጮኸ፣ አንዷ ሕፃን እያባበለች፣ አንዱ ደግሞ ከጓደኛው ጋር እየተጨቃጨቀ፣ «የለም፣ እንደሱ አልነበረም» እየተባለ። ያንን ሁሉ እኔና ሐዳስ እየሰማን በጣታችን እንለቅማለን። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። ድምፁ ተከመረ፣ ተከመረ፣ ተራራ ሆነ። ሰዉ ደግሞ ይደውላል፤ ታሪኬ የት ደረሰ? ተራ እየጠበቀ ነው እንላለን። አንድ ሰውዬ አምርሮ፣ ካምፕ ውስጥ ለዱቄት ተሰልፌያለሁ፣ ለውሃ ተሰልፌያለሁ፣ አሁን ደግሞ ለገዛ ታሪኬ ልሰለፍ? አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ሰሞን «ሰሊጥ»ን ልንዘጋው ከጫፍ ደርሰን ነበር።

ሐዳስ ናት አንድ ቀን «ጋሼ ደሴ፣ ኤአይ እንሞክር» ያለችኝ።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት?» አልኳት። «የሰው መቼ አለቀና ነው?»

«አላለቀም። ሰውየው ደክሞታል» አለች፤ ዓይኔን እያየች። ዓይኔ ደግሞ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

አስገባነው። ሐዳስ «ኡስታዝ» ብላ ስም አወጣችለት፤ እዚህ አገር አስተማሪም ሆነ የተከበረ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ነው የሚባለው። ሥራው ድምፁን ሰምቶ መጻፍ፣ ታሪኮቹን በየፈርጁ መለየት፣ መቼ ምን እንደሚወጣ ማሰናዳት ነበር። ኡስታዝ ግን አማርኛውን የተማረው እኛ ዘንድ አይደለም። የድንበሩን አማርኛ ከየት ይወቀው? አንድ የእርሻ ሠራተኛ «ሙዲሩ አባረረኝ» ብሎ ያለቅሳል፤ ሙዲር ማለት አለቃ ነው። ኡስታዝ «ሙዙ አባረረኝ» ብሎ ጻፈው። ሌላዋ በባለሦስት እግሯ ታክሲ፣ በራክሻ ተሳፍሬ መጣሁ ስትል፣ እሱ በራሷ ሻሽ አሳፈራት። በሳቅ ሞትን።

ሳቁን ያቆምነው መልስ እንዲጽፍ የፈቀድንለት ቀን ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን በመንገድ ላይ ያጡበትን ታሪክ ላኩልን። ኡስታዝ ሳያማክረን «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ሐዘንዎ እናመሰግናለን» ብሎ መለሰላቸው። እኔና ሐዳስ ራክሻ ይዘን ቤታቸው ድረስ ሄድን፤ ይቅርታ ጠየቅናቸው፣ አብረናቸው ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፦ ኡስታዝ ይሰማል፣ ይጽፋል፣ ይለያል። ለሰው የሚመልስ ሰው ነው። የሚወጣውንና የማይወጣውን የሚወስንም ሰው ነው።

ሐዳስ ደግሞ እልህ አለባት። የእኛን ሰው አነጋገር ቃል በቃል እያረመች አስተማረችው። ሙዲርን አወቀ። ራክሻን አወቀ። የጎንደሩን «እንጅ» እና የካምፑን ቅልቅል መለየት ጀመረ። ያ የድምፅ ተራራ እንደ በረዶ ሟሟ። የሚደውል ሰው «ታሪክህ ወጥቷል እኮ፣ አላየኸውም?» ይባል ጀመር። ይህን ስል የኮራሁ ከመሰላችሁ፣ አልተሳሳታችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሌላውን ታሪክ ሰምቶ የራሴ ነው የሚል ስለማይጠፋ፣ ኡስታዝ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እንዲያስተያይ አዝዘነው ነበር። አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ እንዲህ የሚል ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ፦ «እነዚህ ሁለት ታሪኮች እጅግ ይመሳሰላሉ። አንዱ ከሌላው የተቀዳ ሊሆን ይችላል።»

አንደኛው ታሪክ በቅርቡ የመጣ ነው፤ ለታይ ከምትባል ኡም ጋርጉር ካምፕ ከምትኖር ሴት። ለታይ ሁመራ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት ልጆቿንና የስፌት መኪናዋን ይዛ ወጣች። ተከዜ ዳር ስትደርስ ጀልባው ሞልቷል፤ ባለ ጀልባው «ወይ ልጆችሽ ወይ ብረትሽ» አላት። አጠገቧ ተራ ለሚጠብቅ ስሙን ለማታውቀው ሰው «አደራ» ብላ መኪናዋን አስታቀፈችውና ተሻገረች። ማዶ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ተበታተነ። ሰውየውንም መኪናዋንም ደግማ አላየችም። የመኪናዋ የጎን ክዳን ወልቆ ጠፍቶ በቲማቲም ቆርቆሮ የተጠገነ ነበር።

ሁለተኛው ከዚያ ከተራራው ሥር የወጣ ነው፤ ሰሚ አጥቶ የከረመ ድምፅ። ተናጋሪው ሙላው ይባላል፤ ከጎንደር ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ጦርነቱ የደረሰበት የቀን ሠራተኛ። አሁን ባሱንዳ ካምፕ ነው። በወንዙ ዳር አንዲት ሴት የስፌት መኪና እንዳስታቀፈችው፣ ተሸክሞ ተሻግሮ ሴትዮዋን ፈልጎ እንዳጣት፣ ስሟን እንኳ አለመጠየቁ እንደሚቆጨው ይናገራል። በቲማቲም ቆርቆሮ የተጠገነች መኪና።

ሐዳስ አንብባ ስትጨርስ ጠረጴዛውን መታችው። «ሐራሚ! ሌባ ነው ጋሼ! ታሪኳን ሰምቶ ገልብጦ ላከው።»

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አንዷ ሰጠሁ ትላለች፤ አንዱ ተቀበልኩ ይላል። ታሪክ የሚሰርቅ ሰው ተዘራፊውን ሆኖ ይሰርቃል እንጅ ባለዕዳውን ሆኖ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞም የሙላው ድምፅ የመጣው ቀድሞ ነው። ከማን ይሰማዋል?

ሙላው አንድ ነገር ጨምሯል፤ ለታይ ያላነሳችው። ከመኪናዋ ሥር ባለችው መሳቢያ ውስጥ ያገኘውን ዕቃ። ለለታይ ደወልኩላት።

«ወይዘሮ ለታይ፣ ከሰሊጥ ነው። ታሪክዎን ልናወጣው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ መሳቢያዋ ባዶ ነበረች?»

«ምነው ባዶ ትሁን?» አለችኝ። «የሙሽራ ቀሚስ ጀምሬ አልነበር። ነጫጭ ቁልፎቿን በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጌ እዚያው ነው የተውኳቸው። ሙሽራይቱንም እንጃ የት እንደደረሰች።»

ሙላው ያለው ይኸንኑ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ነጫጭ የልብስ ቁልፎች፣ «አንዷንም አልነካሁም» ብሎ። ሐዳስ ጆሮዋን ስልኬ ላይ ለጥፋ ትሰማ ነበርና አፏን በእጇ ያዘች።

ለሙላው ደውዬ የመኪናዋን ባለቤት እንዳገኘኋት ነገርኩት።

«በሕይወት አለች በለኛ!»

«ከነልጆቿ።»

«እኔ እኮ ሰፍቼባታለሁ ወንድሜ» አለኝ። «ዝም ብላ ከቆመች ትዝጋለች ብዬ ነው። ሌባ ትለኝ ይሆን?»

መኪናዋ መገኘቷን ለለታይ ነገርናት፤ ከካምፕ ለመውጣት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐዳስ የካምፑ ሹም ፊት ቆማ በዓረብኛዋ ነገሩን ስታስረዳው፣ ሰውየው ሳያስጨርሳት ፈረመላት። ከዚያ ከለታይ ጋር ሦስታችን በአንዲት ፒካፕ አቧራ እየጠጣን ወደ ባሱንዳ።

ሙላው ከእንጨትና ከሣር በሠራት ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቀን። ታጥቧል፣ ተላጭቷል፣ የክት ጀለቢያውን ለብሷል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ለታይ ከፒካፑ ወርዳ በሙላው አጠገብ አለፈች፤ አላየችውም። ቀጥታ ወደ ስፌት መኪናዋ። ቆርቆሮዋን ዳሰሰች። መዘውሯን አንዴ አዞረችና እንደ ሐኪም ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠች።

«ዘይት ታጠጣታለህ» አለች፤ ፊቷን ሳታዞር።

«ሁልጊዜ ነው እንጅ» አለ ሙላው።

መሳቢያዋን ከፈተች። ብልቃጡን አየች። ያኔ ነው ዞር ያለችው። ልታቅፈው መሰለኝ፣ እጆቿን ዘረጋችና የጀለቢያውን እጅጌ ያዘች። የግራው ከቀኙ አንድ መዳፍ ያህል ይረዝማል።

«ይኼን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«በእኔ መኪና?!»

መንደሩ በሳቅ አውካካ። አንዱ ጎረቤት የሱሪውን ሁለት እግሮች አስተያይቶ አሳየ። አንዷ ደግሞ አንገቱ የጠበበ ቀሚስ ከቤቷ ይዛ ሮጠች። ሙላው የሚገባበት ጠፋው። ለታይ ግን ጀለቢያውን አስወለቀችው፣ ተቀመጠች፣ ተረተረችው፤ ከዚያ መኪናዋ መንጎድ ጀመረች። ጀርባዋን ስለሰጠችን ፊቷን አላየንም። ትከሻዋን ግን አየን። ሙላው በጎረቤት ሻርፕ ተሸፍኖ ቆሞ እንባውን በሻርፑ ጫፍ ይጠርግ ነበር። እኔ? እኔማ አቧራ ዓይኔ ገብቶ ነው። ሐዳስም አቧራ ገብቶባታል።

መኪናዋ ከለታይ ጋር ኡም ጋርጉር ገባች። ፒካፑ ላይ በገመድ ያሰራት ሙላው ራሱ ነው፤ ማንንም አላስነካም። አሁን የባሱንዳ ሰው ልብሱን ለሙላው ይሰጣል፤ ሙላው ይለካል፣ በሎሪ ይልካል፣ ለታይ ትሰፋለች። ልኬት ላይ ጎበዝ ነው አሉ። መስፋቱን ግን እንዳይሞክር አስምላዋለች።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን፣ በሁለቱም ድምፅ አወጣን። ከካምፕ ካምፕ፣ ከሻይ መሸጫ ሻይ መሸጫ ተሰማ። ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ የማላውቀው ሰው እጄን ይዞ «አሳታሚው አንተ ነህ?» አለኝ። አይገርምም? ምስጋናው የማን ነው የሚለው ላይ ግን ከሐዳስ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሷ የኡስታዝ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ኡስታዝ እኮ የሁለት ሰዎችን አደራ አይቶ «ስርቆት» ነው ያለው እላለሁ። እሷም መልሳ፣ እሱ ባይል ኖሮ የሙላው ድምፅ ዛሬም ተራ ይጠብቅ ነበር ትለኛለች። ታማም።

ከዚያ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። የጠፋበት ሁሉ ይደውላል። ገላባት ላይ አህያው የጠፋበት ሰው፣ ኡስታዝ በድምፁ ይወቅልኝ ብሎ የአህያውን ጩኸት በአፉ አስመስሎ ቀድቶ ልኮልናል። ወንድም የሚፈልግ አለ፣ የአገር ልጅ የሚፈልግ አለ፤ እንደ አቅማችን እንሞክራለን።

ባለፈው አንዲት ሴት ደወለች። ታሪኳን ከዚህ በፊት አውጥተንላት ነበር፤ ትታው የመጣችው ባሏ ያደረሰባትን በደል ደህና አድርጋ የዘረገፈችበት ነው። የለታይን ጉድ ሰምታ ደንግጣለች። ያ ማሽን እኔንና ባሌን አገጣጥሞ እንዳያገናኘን ትላለች። እኔም አዘንኩላትና፣ ግድ የለም እህቴ፣ አሁኑኑ ታሪክሽን እናጠፋዋለን አልኳት።

«ኧረ በስመ አብ፣ እንዳታጠፉት!» አለችኝ። «ታሪኩማ ያምራል፣ ሰው ሁሉ ወዶልኛል። ብቻ ያንን ኡስታዛችሁን ንገሩትና ባሌን ይቀይርልኝ።»