ጋሼ ያጠበቁት ብሎን

አንድ አጥባቂ የሌለው ዘመድ አዝማድ የለም። «እኛ ቤት የለም» አትበሉ፤ አለ። ቧንቧ ዘግቶ ከሄደ ቤተሰብ ተጋግዞ የማይከፍተው፣ የማር ብልቃጥ ክዳን ገጥሞ ማሩን ለልጅ ልጅ የሚያወርስ፣ የበር እጀታ ሲላላ «ቆይ እኔ!» ብሎ ከበሩም ከእጀታውም የሚገላግላችሁ ሰው ማለቴ ነው። ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል።

ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር የደረሱት አጥባቂ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። «ጋሼ» ይላቸዋል። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጋዘን ጸሐፊ ነበሩ፤ ከብረት ጋር የተዋወቁት ቢበዛ በወረቀት መብሻ ነው። ጡረታ በወጡ ማግስት ግን አንድ ቀይ የመፍቻ ሣጥን ገዙና፣ ማንም ሳይሾማቸው ክቡር ጠቅላይ አጥባቂ ሆነው ቁጭ አሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ብሎን ጠብቆ ጠብቆ «በቃኝ» ሲል፣ እሳቸው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡና «አንዲት ዙር ለመተማመኛ!» ይላሉ። ጉዱ ያለው በዚያች ዙር ነው። የእህታቸው የብረት አልጋ ባለፈው ዓመት ቤት ሲቀየር አልፈታም ብሎ፣ እግሩ በመጋዝ ተቆርጦ ነው በበሩ የወጣው። ጋሼ ግን አላፈሩም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ተረቱ። እሳቸው የታጠቁት እንኳን ሲሮጡ፣ ቁጭ ብለው ቢለምኑትም አይፈታም።

ከሦስት ወር በፊት ሹፌሩ ወገቡን አሞት በተኛበት ሰሞን፣ ጋሼ «የመኪናህን ዘይት እኔ እቀይርልሃለሁ» አሉ። ቀየሩ። ከጭነት መኪናው ሞተር ሥር ያለችውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎንም መልሰው ገጠሙ። አጠበቁ። ለመተማመኛም አከሉ። ብሎኗ ሥር የምትቀመጠው ዘይት ከልካይ ቀለበት ተጨፍልቃ ተሰነጠቀችና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው በቆመበት ሁሉ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ዓመታዊ ምርመራ ላይ መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየና «ዘይት ያፈሳል። እስከ ዓርብ አስር ሰዓት አስጠግነህ አምጣው። ካለፈህ ቀጣዩ ዙር ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ መንገድ ላይ እንዳላየው» አለው። ሁለት ወር! ቤቱ የሚያድረው በዚያች መኪና ነው። መኪናዋ ከቆመች ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ዓርብ ጠዋት ሰፈሩ ውስጥ ጋራዥ ወዳላት ሜካኒክ ሊሄድ ቁልፉን ይዞ ሲወጣ፣ ክቡርነታቸው ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ያውም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው።

«ወዴት ነው?»

«ሜካኒኳ ጋ። ብሎኗን ላስቀይራት ነው።»

«ለአንዲት ብሎን? እኔ በቁሜ እያለሁ?»

«ጋሼ፣ ቀኑ ዛሬ ያልቃል። እባክዎ…»

«ያጠበቅኳት እኔ ነኝ፤ የምፈታትም እኔ ነኝ። ብረት ሰው ያውቃል!»

ሹፌሩ ለእርዳታ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ በመስኮት ብቅ አለችና «ተዋቸው በቃ፣ ለአንድ ሰዓት ነው። ወንድሜን አታሳፍርብኝ» አለችው። እሱም ተወ። ሲተው ምን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ይህ ነው የሚያናድደው።

ጋሼ ጋዜጣ አንጥፈው በጀርባቸው መኪናው ሥር ገቡ። ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። አልፎ አልፎ መፍቻው ያመልጥና ከብረት ጋር ይላተማል፤ «የተረገምሽ!» ይላሉ።

«እሺ አለች?»

«ልትል ነው።»

ግማሽ ሰዓት አለፈ። «አሁንስ ጋሼ?»

«እየተለማመጠችኝ ነው።»

ኋላ ረጅም ቧንቧ አስመጡና መፍቻው ጫፍ ላይ ሰኩ። ሹፌሩም ጎንበስ ብሎ ገብቶ «ወደዚህ ሳብ» ወደተባለበት ሊስብ ያዘ። ያዘና ቆም አለ።

«ጋሼ፣ የሚፈታው ወደ ግራ አልነበረም እንዴ?»

«እሱ ከላይ ስታየው ነው። እኛ ያለነው ከሥር ነው። ከሥር ይገለበጣል!»

ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ግን በዚያ ድምፅ ሲነገርህ የገዛ ስምህንም ትጠራጠራለህ። ደግሞም የሚስት ታላቅ ወንድም ናቸው። ሳበ። ወገቡ ቀጭ አለ፤ እየተንፏቀቀ ወጣ። ጋሼ ብቻቸውን ቀጠሉ። ስድስት ሰዓት ላይ የብሎኗ ራስ ማዕዘኖቹ ሁሉ ተልገው አልቀው እንደ ኳስ ክብ ሆነ። የትኛውም መፍቻ ቢደፋባት ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ሹፌሩ ወገቡን ይዞ ከግቢው ወጣ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሜካኒኳን ይዟት መጣ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። ሰላምታ እንኳ በግማሽ ነው የምትሰጠው። ከጋሼ ጎን ተንጋላ ገባችና ባትሪዋን አብርታ ብሎኗን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አባባ፣ ወዴት ነበር የሚያዞሩት?»

«ወደ ቀኝ ነዋ።»

«ለምን?»

«ከሥር ስለሆንን! ይገለበጣላ!»

ባትሪዋን አጠፋች። «አይገለበጥም» አለች።

ወይ ጉድ! ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ሲፈቱ ሳይሆን ሲያጠብቁ ነው የዋሉት። በዕድሜያቸው ካጠበቁት ሁሉ የሚበልጠውን አጠበቁ።

«እንደ መኪናው ዓይነት ነው እኮ» አሉ ጋሼ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ይሄኔ ሹፌሩ ፈነዳ። «ይውጡልኝ ጋሼ! ይውጡ! ከዛሬ ጀምሮ መኪናዬ አጠገብ እንዳይደርሱ። ቤቴን ሊዘጉብኝ ነው እኮ!»

ሚስቱ መስኮቱን ቀስ ብላ ዘጋችው። ጋሼ ወጡ። ከመኪናው ራቅ ብለው የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ነጩ ሸሚዝ ጥቁር ሆኗል።

ሜካኒኳ ከብሎኗ ልክ አንድ ቁጥር ያነሰ፣ እንደ ቆብ ራሷ ላይ የሚደፋ መፍቻ መረጠችና በመዶሻ እየመታች በግድ አስገባችው። ነከሰ። ረጅም እጀታ ሰክታ ወደ ግራ ሳበች። ንቅንቅ የለም። እግሯን ጎማው ላይ ተክላ እንደገና ሳበች። የለም።

«ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልገኛል» አለች።

ሹፌሩ ሊገባ ጎንበስ ሲል ወገቡ ያዘውና «እህህ» ብሎ ቀጥ አለ። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ። ጋሼ ከባልዲው ተነሡ። ማንንም ሳያዩ መጥተው ተንጋለሉና እጀታውን ያዙ።

«ወዴት ልሳብ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ ጠየቁ! ሹፌሩ በጋብቻ ዘመኑ ሁሉ ከእኒህ ሰው አፍ ጥያቄ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

«ወደ ግራ።»

ሳቡ። አንገታቸው ላይ የደም ሥራቸው ተገታተረ። ብሎኗ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ብላ ጮኸችና ዞረች። ሜካኒኳ የቀረውን በእጇ ስትፈታው ዘይቱ ግማሹ ሣህን ውስጥ፣ ግማሹ ክቡርነታቸው ደረት ላይ ፈሰሰ። አዲሷን ብሎን ከአዲስ ቀለበት ጋር በሁለት ጣቷ አስገባች፤ በመፍቻ ትንሽ ጫን አደረገችና «በቃ» አለች።

የጋሼ እጅ ተቁነጠነጠ። «ምናልባት አንዲት…»

«በቃ አልኩ እኮ አባባ።»

አዲስ ዘይት ሞልተው ምርመራው ጋ ሲደርሱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ጋሼም ሳይጋበዙ ጋቢና ገብተው አብረው መጥተዋል። መርማሪው ሞተሩን አስነሥቶ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘረጋ። ሩብ ሰዓት አስጠበቃቸው። ሹፌሩ ወረቀቱን ማየት አቅቶት ግድግዳ ያያል። በመጨረሻ መርማሪው ወረቀቱን አነሣ፤ ነጭ እንደሆነ ነው። አንዲት ጠብታ የለችበትም።

«አልፏል» አለ ማኅተሙን እየመታ። «ሥራውስ ንጹሕ ነው። ማን ነው የሠራልህ?»

ሹፌሩ አፉን ከፈተ። ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበው የዋለውን ሊዘረግፍ ነበር። ከዚያ ጋሼን አያቸው። ፀጉራቸው ላይ ዘይት፣ ሸሚዛቸው ላይ ዘይት፤ ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ ይመስል መሬት መሬት ያያሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሊያንቃቸው ሲመኝ የነበሩት ሰውዬ አንጀቱን በሉት።

«የባለቤቴ ወንድም ናቸው የሠሩልኝ» አለ። «እሳቸው ናቸው።»

ሜካኒኳ ብትሰማ በመዶሻዋ ታሳድደው ነበር። ጋሼ ቀና አሉ። ዘይት የጠጣ ሸሚዛቸውን ጎተት አድርገው አስተካከሉ። ጭምትነታቸው ግን የቆየው ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማኅተሙ የተመታበትን ጠረጴዛ በአንድ ጣት ነካ፣ ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ጠረጴዛህ ለምንድን ነው የሚነቃነቀው?»

ሹፌሩ ማስቆም ነበረበት። ጠረጴዛው የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ መርማሪውም ገና ልጅ ነው፣ ምን እንደመጣበት አልገባውም። ሹፌሩ ግን ወገቡን ይዞ እያነከሰ ወደ መኪናው ሄደ፤ መፍቻ አምጥቶም በሁለት እጁ አቀበላቸው።