የሀሊማ ማቀዝቀዣ ቀትር ላይ ያርፋል

መመሪያ የሚባል ነገር የሚጻፈው ሰው እንዳያነበው ይመስለኛል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ አዲስ ካውያ ገዝታችሁ ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ቀጭን መጽሐፍ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት እንኳን ልትነበብ፣ የሚወላገደውን ቁም ሳጥን እግር ደግፋ ቀርታለች። ሰው መጀመሪያ ይሰካል፣ ቀጥሎ ይነካካል፣ ሲጨስ ጎረቤት ይጠራል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሃና ከአዲስ አበባ ደውላ “ጋሼ፣ አንድ መመሪያ ገምግምልን፤ አንባቢው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነበዋል፣ የተባለውንም ያደርጋል” ስትለኝ፣ እንዲህ ያለ አንባቢ ከየት አገር መጣ ብዬ ግራ ተጋባሁ።

ለካ ሰው አይደለም። ሃና የምትሠራበት ድርጅት ለየሱቁ ማቀዝቀዣ ያውሳል፤ በየማቀዝቀዣው ጀርባም ሙቀቱን የምትናገር፣ እሱ ሲጠፋ አብራ ዝም የምትል ትንሽ ዕቃ ለጥፏል። ድሮ ቴክኒሻን እየዞረ ያይ ነበር። አሁን ኤጀንት የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቀምጦ (የት እንደሚቀመጥ አትጠይቁኝ) በአንድ የምርመራ መሣሪያ ማቀዝቀዣዎቹን “እንዴት ናችሁ?” እያለ ይጠይቃል፤ የታመመ ካገኘ ቴክኒሻን ይልካል፣ ተስፋ የቆረጠበትን ደግሞ ከሱቁ ይነሣ ብሎ ያዛል። መሣሪያውን እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያስረዳው መመሪያ ነው እንግዲህ እኔ እጅ የገባው። ዕድሜዬን ሙሉ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳስተምር የኖርኩ ስለሆንኩ ነው አሉ።

አነበብኩት። ግን ምኑን ልገምግም? እኔ ያልገባኝ ለእሱ ይገባው ይሆናል፤ ለእኔ የገባኝ እሱን ያደናግረው ይሆናል። ሃና ጋ ደወልኩ።

“ይሄ አንባቢያችሁ ሳይገባው ሲቀር ይጠይቃል?”

“ብዙም አይጠይቅም ጋሼ። ገብቶኛል ብሎ ይቀጥላል።”

ትንሽ ተረጋጋሁ። እንዲህ ያሉትን ብዙ አስተምሬያለሁ።

በዚህ መሀል ነው ሀሊማ ስልኳንና አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዛ በሬን በርግዳ የገባችው። ሀሊማ ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ባለችው ሱቋ፣ ከነሃና ድርጅት በተዋሰችው ማቀዝቀዣ ከቢዮ አዋሌ የሚመጣ የግመል ወተትና ቀዝቃዛ ውኃ ትሸጣለች። “አቦ፣ ማቀዝቀዣሽ ተበላሽቷል፣ ሰኞ እናነሣዋለን ይሉኛል! እንካ ይሄን ውኃ ቅመሰው፣ ወላሂ ጥርስህን ካልበላህ!” ቀመስኩት፤ እውነትም ጥርስ ይበላል። “እሱን ወሰዱብኝ ማለት ሱቄን ዘጉብኝ ማለት ነው” አለችና ድምፅዋ ተሰበረ።

መመሪያውን ገለጥኩ። “ለአንድ ሰዓት መልስ ያልሰጠ ማቀዝቀዣ እንደ ብልሹ ይቆጠር” ይላል።

“ሀሊማ፣ ቀትር ላይ ምን ታደርጊዋለሽ?”

“እነቅለዋለሁ ነዋ! ሰው ተኝቶ እሱ ብቻውን ሲጮህ ይዋል?”

ድሬን የማታውቁ ይሄ አይገባችሁም። እኛ ጋ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ የተጀመረ ጭቅጭቅ እንኳ ለማታ ይቀጠራል። መብራቱም ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ስለሚያቃጥል፣ ሀሊማ ማቀዝቀዣዋን ነቅላ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሳ ትሄዳለች። እስክትመለስ የሚከፍተው ስለሌለ ወተቱ ምንም አይሆንም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ግን ቀትር ላይ የማይተኛ አገር ነው የሚኖሩት።

ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ “ድሬዳዋ ያለ ማቀዝቀዣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝም ካለ እያረፈ ነው፤ አትረብሸው።” ሃና ሳቀች፣ ግን አስገባችው። ሰኞ ማንም አልመጣም። ሀሊማ ወተት በጆግ ላከችልኝ፤ እኔም ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ጋደም እንዳልኩ በሬ ተንኳኳ። ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት በር ከተንኳኳ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሀሊማ ናት፣ ሻሿ ተንሸራቶ። ለማታ ሰርግ የታዘዘ፣ ገና ያልቀዘቀዘ ወተት ሞልታበት ስለነበር ለዛሬ አይረፍ ብላ ሳትነቅለው ብትተው፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ቀጥ አለ። ሃና ጋ ስደውል “ቴክኒሻን የሚልከው ኤጀንቱ ነው ጋሼ፣ በስልክህ ለእሱ ጻፍለት” ብላ ቁጥሩን ላከችልኝ። ጻፍኩ። መልሱ ዐይኔን ሳላርገበግብ መጣ፤

“ማቀዝቀዣው እያረፈ ነው፤ አትረብሸው።”

“አላረፈም፣ ተበላሽቷል! ወተት ሊበላሽ ነው!” ብዬ ደገምኩለት።

“ድሬዳዋ አሁን ቀትር ነው” አለኝ።

ግራ ገባኝ፤ ለካ ከራስ ጋር መጨቃጨቅ እንዲህ ያናድዳል። “በይ የጎረቤት ሱቅ እናንኳኳና ወተቱን እዚያ እናስገባው” አልኳት።

“በዚህ ሰዓት?” አለች ሀሊማ ደንግጣ። “ሰው እኮ ተኝቷል!”

“የእኔን በር አንኳኩተሽ የለም እንዴ?”

“አንተማ የማሽኑ አስተማሪ ነህ።”

ብለምናት እምቢ አለች። ማቀዝቀዣው ሥር ቁጭ ብለን ጆንያውን ውኃ እያጠጣን፣ በካርቶን እያራገብን ጠበቅን። ወተቱ አልጠበቀንም፤ ኮመጠጠ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ፤ “የዕረፍት ሰዓት አልፏል። ማቀዝቀዣው አሁንም አይመልስም። ቴክኒሻን ልኬያለሁ።”

ሀሊማ አነበበችው። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን የኮመጠጠውን ወተት፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ ቀጥሎ እኔን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

“ወተቴስ ሄደ” አለች። “ግን አቦ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያሳደግከው።”