ዩኒቨርሲቲ ሲዳር

[አትላንታ ጥግ፣ ዲኬተር ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፤ እ.ኤ.አ. 2003። ጋሽ አምባቸው በዲቪ የመጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ መሪው ላይ ተቀምጠዋል። የእህታቸው ልጅ ያቤጽ እዚሁ አትላንታ ያደገ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የደረጃ ማሻሻያ ቢሮ የሚሠራ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። ዛሬ ግን ልቡ አላረፈም። ባዶ የከረሜላ ሳህን ይዞ መስኮቱ ላይ ቆሟል።]

ያቤጽ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሳህን ሙሉ ነበር እኮ።

አምባቸው፦ ኤርፖርት የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው። ራበኝ።

ያቤጽ፦ የዩኒቨርሲቲያችን ሎጎ ያለበት ከረሜላ ነው። ለእንግዶቹ ነው ያልኩህ።

አምባቸው፦ ሎጎውን መቼ በላሁት? ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ይኸው፣ ከወንበሩ ሥር አለ።

ያቤጽ፦ ኦኬ፣ ሊስን። እንደገና ላስረዳህ። ዳውንታውን ሆቴል የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶች ስብሰባ አለ። በየዓመቱ አንዱ ለሌላው ዩኒቨርሲቲ ማርክ ይሰጣል። አንድ መጽሔት ያንን ደምሮ የዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ያወጣል።

አምባቸው፦ መጥተው አይተውት ነው ማርክ የሚሰጡት?

ያቤጽ፦ ማን ጊዜ አለው? በዝና ነው። ስለዚህ ስማችንን ጥሩ አድርጎ የሚያነሳላቸው ሰው ያስፈልጋል። ከኤርፖርት የሚያመጣቸው ደግሞ አንተ ነህ።

አምባቸው፦ ቆይ፣ የጎረቤቴን ልጅ ሶፍያን አመልክቺ፣ አመልክቺ እያላችሁ ስትወተውቷት ከረማችሁ። አመለከተች። መለሳችኋት።

ያቤጽ፦ እሱ ስትራቴጂ ነው። ብዙ ሰው ሪጄክት ባደረግን ቁጥር መግባቱ ከባድ ነው ይባላል፤ ደረጃችን ከፍ ይላል።

አምባቸው፦ ሰው ጠርቶ ከበር መመለስ። እኛ ሰፈር እንዲህ የደገሰ ሰው ነበር። ሲሞት ቀባሪ አጣ።

ያቤጽ፦ ጋሼ፣ አንተ ሲስተሙ አይገባህም። ዋናው ነገር ዘንድሮ ማርካችን ካልጨመረ ቢሮው ይዘጋል። እኔም ከሥራ ወጣሁ ማለት ነው። ሚስቴ የምስራች እርጉዝ ናት። ፈርቻለሁ፣ እውነቴን ነው።

አምባቸው፦ አይዞህ። እኔ እያለሁ?

ያቤጽ፦ ያልኩህን ነገርካቸው?

አምባቸው፦ አንድ ሳላስቀር። ቤተ መጻሕፍቱን አነሳሁ፣ መምህራኑን አነሳሁ። ሳሩን ሳይቀር አመሰገንኩ። ሰው ግን በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። እንዳላመኑኝ ሲገባኝ የሽምግልናዬን ብልሃት አወጣሁ።

ያቤጽ፦ የምን ሽምግልና?

አምባቸው፦ ሚስት ልትጠይቅ ሽማግሌ ሆነህ ስትሄድ፣ ልጁን እንዲሁ እያመሰገንክ ብቻ ከዋልክ የሴቷ ወገን ይጠረጥራል። አንዲት ትንሽ ነውር ጣል ታደርጋለህ። ትንሽ ቁጡ ነው፣ ትላለህ። ያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ ያምኑሃል። ስንቱን የዳርኩት በዚህ ነው።

ያቤጽ፦ [ፈገግ ብሎ] ዋው። ይሄ እኮ ማርኬቲንግ ነው። ሳታውቀው ማርኬቲንግ ትሠራለህ። ምን ነውር አልክ? ፓርኪንግ የለም?

አምባቸው፦ ፓርኪንግ ምን ነውር አለው? ትምህርቱን የማይነካ መረጥኩ። “ሁሉ ነገሩ ደህና ነው፤ የእህቴ ልጅ ብቻ እዚያ ቢሮ ተቀምጦ፣ አመስግኑልን እያለ ለታክሲ ነጂ ከረሜላ ያድላል” አልኩ።

[ያቤጽ ሳህኑን ቀስ ብሎ ታክሲው ጣሪያ ላይ ያስቀምጣል።]

ያቤጽ፦ ለስንት ሰው ነገርክ?

አምባቸው፦ ለሦስት። አንዱ ሳቀ። አንዱ ጻፈው። ሦስተኛው ግን ከልቡ አመነኝ፤ ስምህን ሁሉ ጠየቀኝ።

ያቤጽ፦ ስሜን?

አምባቸው፦ ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኩት። እንዳይሳሳት ብዬ።

ያቤጽ፦ ኦኬ። ኦኬ። የሩቅ ስቴት ሰው ነው፣ ይረሳዋል። ሆቴል ነው ያወረድከው?

አምባቸው፦ ሁለቱን ሆቴል አወረድኩ። እሱን እናንተ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ትልቁ ነጭ ቤት በር ላይ።

ያቤጽ፦ ተጋብዞ ይሆናል።

አምባቸው፦ ቁልፍ አውጥቶ ከፍቶ ገባ። ውሻውም አልጮኸበት።

[ያቤጽ የኋላውን በር ከፍቶ እንደ ተሳፋሪ ይቀመጣል።]

ያቤጽ፦ የእኛ ፕሬዝዳንት ነው። ቤቱ እዚያ ነው።

አምባቸው፦ ጨዋ ሰው ነው። “ዩኒቨርሲቲዬን እንዲህ ያመሰገነልኝ የለም፤ ጉዱንም አልደበቅከኝም። ለምን ደረጃ ቢሮ መጥተህ አትሠራልኝም?” አለኝ።

ያቤጽ፦ አንተስ?

አምባቸው፦ “እንዴት ይሆናል፣ የእህቴ ልጅ ቦታው ላይ አለ” አልኩት። “እሱን ለእኔ ተወው” አለኝ።

ያቤጽ፦ እምቢ አልከው አይደል?

አምባቸው፦ ልል ነበር። ኋላ ግን የምስራች እርጉዝ ናት፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ የጤና ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ይኑረው ብዬ እሺ አልኩ። [ከታክሲው ይወርዱና የመኪናውን ቁልፍ መዳፉ ላይ ያኖሩለታል] በል ወደ ፊት እለፍ። ከሰዓት ብዙ ፕሬዝዳንት ይገባል። ሰው ስትጭን ታዲያ፣ ስለ ቢሮዬ ደህና ደህናውን ንገርልኝ።