የሙሽራውን ከተማ የበርንሊን ዘር ማንዘር ስለማጣራት

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ኦስሎ፣ ሮምሶስ፣ የሕንጻው የጋራ አዳራሽ
የተገኙ፦ አቶ ወልደሚካኤል (ሰብሳቢ፣ የሙሽሪት አባት)፣ ወ/ሮ ጌጤ (አባል፣ የሙሽሪት እናት)፣ አቶ ገነነ (አጎት)፣ አቶ ደበላ (ጎረቤት)፣ ሃይማኖት (ጸሐፊ)
ያልተገኘች፦ ሙሽሪት ዮሐና። ጉዳዩ እሷን ስለማይመለከት አልተጠራችም።
ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ መልክዓ ምድር

ሰብሳቢው ልጃቸውን ሊያገባ የጠየቀው ቶማስ እንግሊዛዊ መሆኑ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የትውልድ ከተማው በርንሊ ከሥር መሠረቷ ሳትጣራ ልጅ እንደማይሰጡ አስታወቁ። (ልጅቷ ቢየርቪካ የራሷ ቤት አላት፤ ለሠርጉም ኮሙኑ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ዘንድ ቀን አስይዛለች።) አቶ ገነነ ከስልካቸው እያነበቡ ከተማዋ በሰሜን እንግሊዝ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ሸለቆ እንደምትገኝና ዝናብ እንደማይለያት አስረዱ። አቶ ደበላ ቆላ ናት ወይስ ደጋ ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወይና ደጋ እንድትሆን ተወሰነ። እንግሊዞቹ አልተጠየቁም።

አጀንዳ 2፦ ታሪክ

አቶ ገነነ በመቀጠል እርጥቡ አየር የጥጥ ክር እንዳይበጠስ ስለሚረዳ ከተማዋ በሽመና ፋብሪካ ተሞልታ እንደነበር፣ ቶማስም ቅድመ አያቱ እዚያው ሸማኔ እንደነበሩ በኩራት እንደነገራቸው ገለጹ።

ጉባኤው ደነገጠ። ሰብሳቢው ከተማ ሙሉ ሸማኔ ሰምተው እንደማያውቁ፣ ዘመድ ምን እንደሚላቸው እያሰቡ ራሳቸውን እንዳመማቸው ተናገሩ። አቶ ደበላ የሸመነው ማሽኑ እንጂ ሰውየው እንዳልሆነ ተቆጥሮ ነገሩ እንዲታለፍ ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አላገኙም። ጋብቻው እንዲቀር ተወሰነ። ሰብሳቢው ውሳኔውን ያነበቡት ጋቢያቸውን ደርበው ነው፤ ጋቢው ራሱን ሸምኖ የመጣ ይመስላል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ጌጤ እጃቸውን አወጡ። የተናገሩት እንዳለ እንዲጻፍ ስለጠየቁ እንዳለ ተጽፏል፦ «አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ያንተ ሽማግሌዎች ሲመጡ ነጋዴ ናቸው አልኩ። እሳቸውም እየሰሙ ዝም አሉልኝ። ሲቀበሩም ነጋዴ ተብለው ተቀበሩ። ልጄ ይህን አታደርግም።»

ሰብሳቢው እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገሯቸው ጠየቁ። ወ/ሮ ጌጤ «አሁን ያልከውን ትል ነበራ!» ሲሉ መለሱ።

አቶ ደበላ በአጀንዳ 2 መሠረት የሰብሳቢውም ጋብቻ መፍረስ እንዳለበት አስታወሱ። እንዲቀመጡ ተነገራቸው።

ሰብሳቢው ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ወይና ደጋው ሳይቀር፣ እንዲሻር ጠየቁ። በሙሉ ድምፅ ተሽሯል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡40 ተበተነ። ሰብሳቢው ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም። የአማታቸው ስም ከነሥራቸው እዚህ እንዲሰፍር አዘዙ፤ ጸሐፊዋም ጽፋ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦

አቶ ሜሉ፣ ሸማኔ።